መረቡ እስኪሰቀል

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ድንኳኑ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ እኔም እንደዚያው። ትከሻዬ ከትናንት ጀምሮ አልታዘዝ ብሎኛል። ባለቤቴ ቅባት ልትቀባኝ ዕቃውን ስታነሳ እኔ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

የሰርከሱ ሥራ አስኪያጅ ከልምምድ በፊት ሰበሰበን። ሞተር ተገዝቷል አለ። እኔና ረጅሙ የምንለው ባልደረባዬ መረቡን በእጃችን ከአራቱ ምሰሶዎች ጋር ማሰራችን ሊቀር ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ መረቡ ራሱ ከመሬት ተነስቶ ይወጠራል። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ለትከሻዬ ስል አጨበጨብኩ።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። መረቡን በምንሰቅልበት ጊዜ ሕዝቡ እንዳይሰለች መድረኩን የሚይዘው አስቂኙ ሽማግሌ ጋሽ ጭምት ነው። ሌላ ጊዜ የለውም። ማስታወቂያው ላይ እንኳ አልተጻፈም። ለሕዝቡ ያ ሰዓት ሽንት ቤት የሚኬድበት፣ ፈንዲሻ የሚገዛበት ነው። እኔ የመጨረሻውን ገመድ አስሬ እጄን ሳነሳ ሙዚቃው ይቀየራል፣ ጋሽ ጭምት ከመድረክ ይወርዳል፣ እህቴ ዥዋዥዌዋ ላይ ለመውጣት መሰላሉን ትይዛለች። ሞተሩ መረቡን በአንድ ትንፋሽ ከሰቀለው እሱ መቼ ሊሠራ ነው?

ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት።

"ክላውኑን ነው የምትለው?" አለኝ። "እሱማ ለመሙያ ነበር።"

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ስለ ጋሽ ጭምት መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ማንም አይጽፍማ።

ሲወጣ ባዶ እጁን ነው። ፊቱን አይለቀልቅም፤ አፍንጫው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀይ ብቻ። ግን ከመጋረጃው እንደወጣ ትከሻው ላይ የተኛ ልጅ መኖሩን ሰው ወዲያው ያውቃል። ክብደቱ ይታያል። የልጁ ጭንቅላት ወደ ኋላ ሊወድቅ ሲል በአገጩ ደገፍ ያደርገዋል። ቤቱ በር ላይ ደርሷል፤ ቁልፉ ደግሞ ልጁ በተኛበት በኩል ኪሱ ውስጥ ነው። በሁለት ጣቱ ፈልጎ ያወጣዋል፣ ይወድቅበታል። ወለሉ ላይ ያለውን ቁልፍ የሚያይበት ዓይን! አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የደከመው ድካም እዚያ ዓይን ውስጥ አለ። ከዚያ ጫማውን ያወልቅና ቁልፉን በእግሩ ጣቶች ያነሳዋል። የሆነ ቦታ ውሻ ይጮሃል። የሚጮህ ነገር የለም፤ መጮሁን የምናውቀው ጋሽ ጭምት ውሻውን በዓይኑ ሲለምነው ነው።

በሩን ይከፍታል። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ያስገባል። እዚህ ላይ እኔ እጄን አነሳለሁ፣ ሙዚቃው ይቀየራል፣ ያልቃል።

ልጁ ይንቃ፣ አልጋው ላይ ይተኛ፣ አላውቅም። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ መጨረሻውን አላየሁትም። ዛሬ ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ መጨረሻው ግን ምንድነው?"

"እኔም አላየሁት" አለኝ ፊቱን እያደረቀ። "መረባችሁ ይቀድመኛል።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ይህንኑ ለባለቤቴ ስነግራት ራት ቀዘቀዘ። "ሰውየውን ብታገባው ይሻልሃል" አለችኝ። ልጃችን ስትጠብቀኝ ቆይታ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እናቷ አንስታ አስተኛቻት፤ ትከሻዬን ስላመመኝ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሁለት ትርኢት። ደክሞኛል። ቀስ ብዬ አሰርኩ። ትንሽ ብቻ።

ጋሽ ጭምት ከበሩ አልፎ ገባ! ውስጥ ገብቶ ጨለማ ውስጥ ወንበር መታው። ሕመሙን ዋጠው። ልጁ እንዳይሰማ ሕመም ሲዋጥ አይቼ አላውቅም።

ረጅሙ ተናደደ። "ጣትህ ተኝቷል እንዴ?" አለኝ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

እህቴ ከመረቡ ስትወርድ ፊቷ ልክ አልነበረም። ትርኢቷን ስትጨርስ ከላይ ራሷን ትለቃለች፣ መረቡ ይቀበላታል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዛፍ ላይ ሆና "ቅለበኝ ወንድም ጋሼ" ትለኝ የነበረች ልጅ ናት፣ ከፍታ አያስፈራትም። ዛሬ ግን ጀርባዋ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ መረቡ ረግቧል።"

"እርጥበቱ ነው" አልኳት። "አንቺም ሰሞኑን ወፈር ብለሻል።"

"እንግዲያው ለእርጥበቱ ንገርልኝ" አለችና በፎጣዋ ጀርባዬን መታችኝ። ትስቃለች እንጂ ስትሄድ ወገቧን ይዛ ነበር።

እርጥበት ነው። ድንኳኑ ሁሉ ረጥቧል። ገመዱን ምሰሶው ላይ ጠምጥሜ፣ ወጥሬ፣ ቋጥሬ ነው የማስረው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው ያሰርኩት። ዓይኔን ጨፍኜም አስራለሁ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ወሬ! በሚቀጥለው ቅዳሜ የከሰዓቱን ትርኢት ለማየት እንግዳ ይመጣል። በየአገሩ እየዞረ ለትልልቅ መድረኮች ሰው የሚመርጥ አዘጋጅ ነው። የሚመጣው ለዥዋዥዌው ነው፤ እህቴ ከአሁኑ ልምምዷን እጥፍ አድርጋዋለች።

እኔ ግን ሌላ አስቤያለሁ። መረብ ሲሰቀል እንደ ሌላው ሰው ተነስቶ ከወጣ ጋሽ ጭምትን አያየውም። ስለዚህ ቦታ አስያዧን ለምኜ እንግዳውን ከመደዳው እምብርት ላይ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ግራና ቀኙን ልጅ የያዙ እናቶች ይቀመጣሉ። ያንን ሁሉ ጉልበት ረግጦ መውጣት ለማንም አይሆንለትም። የቀረው የእኔ ነው፤ ጊዜውን እኔ እሰጠዋለሁ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ለጋሽ ጭምት ነገርኩት። የተቀደደ ጓንት እየሰፋ ነበር፣ ቀና አላለም።

"ቅዳሜ መጨረሻውን አዘጋጅ" አልኩት። "ጊዜ አለህ።"

"ከየት መጣ ጊዜው?"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

ያኔ ቀና አለና እጆቼን አያቸው። ፊቴን አይደለም፣ እጆቼን። የሌለ ዕቃ ሲሸከም የኖረ ሰው የከበደና የቀለለ ነገር ከሩቅ ያውቃል መሰለኝ።

"አንተ ገመድህን እሰር" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ ባለኝ እሠራለሁ።"

ትሕትናው ነው። እንዲህ እያለ ነው ማንም ሳያውቀው የቀረው።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

በጥድፊያ። ባለቤቴ የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፋች ነው፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ራሴን በጠበጠኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ስለ እኛ ሰርከስ ያወሩ ነበር።

"ያ ሽማግሌው ምንድነው የሚሠራው?"

"እኔ እንጃ። የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስላል።"

ዞሬ ልናገራቸው ነበር። ምን ብዬ? ነገ።

ሰኔ 22፣ እሑድ ጠዋት

እንግዳው መጣ። እኔና ረጅሙ መረቡን መሬት ላይ ስንዘረጋ እንደ ሰዉ ብድግ አለ፤ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ እናቶቹንና ልጆቹን አየና ተመልሶ ቁጭ አለ። በልቤ፣ ተቀምጠህ እይ አልኩት።

ጋሽ ጭምት ልጁን ተሸክሞ ወጣ። የትናንቱን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ቁልፉን ሲጥል የሆነች ሴት "ውይ!" አለች፣ ጮክ ብላ። ውሻውን ሲለምን ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን ልጁን እንዳይቀሰቅሱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሳቁት። ተው ሳይባሉ! ሊወጡ የተነሱት እመተላለፊያው ላይ ቆመው ቀሩ። እንግዳው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል። እኔ ከሩቅ ሆኜ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። አየህ? አየኸው? እያልኩ ነበር በሆዴ።

ከእኔ ሁለት ገመዶች አንደኛውን ጨርሻለሁ። ሁለተኛውን ጠምጥሜ ሳልቋጥረው ያዝኩት። ረጅሙ የራሱን ጨርሶ ከማዶ በእጁ "በል እንጂ!" ይለኛል። አላየሁም መሰልኩ። ጋሽ ጭምት በሩን አልፏል፣ ወንበሩን አልፏል። እህቴ ጊዜው ሲረዝምባት ምልክቴን ሳትጠብቅ መሰላሉ ላይ መውጣት ጀምራለች። ጋሽ ጭምት አልጋው ጋ ደረሰ። ልጁን ለማውረድ ጎንበስ ማለት ጀመረ፣ እንዲህ በዝግታ፣ አንድ ክንዱ ከልጁ ጭንቅላት ስር። ድንኳኑ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም።

ጎንበስ እንዳለ በክንዱ ስር አየኝ።

ቀና አለ። ልጁን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገው፣ በዚያው የተኛ ልጅ በተሸከመ ሰው አረማመድ ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ልጁን ሰጠኝ። ምን ላድርግ፣ ተቀበልኩት። ሁለት እጄን ዘርግቼ ታቀፍኩት። ያኔ ነው እጄ ላይ ገመድ አለመኖሩን ያወቅሁት። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ጭምት ገመዱን ከምሰሶው ላይ ያዘ፤ እውነተኛውን ገመድ፣ በእውነተኛ እጁ። ወጠረው፣ ቋጠረው፣ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ልጁን እንዳልቀሰቅስ አስጠነቀቀኝ፤ ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። የእኔን ምልክት እሱ ራሱ ሰጠ፣ እጁን አነሳ። ሙዚቃው ተቀየረ።

እህቴ በረረች። መጨረሻ ላይ ከላይ ራሷን ለቀቀች፣ መረቡ ተቀበላትና መልሶ ወደ ላይ ወረወራት። ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ገና እጆቼ ልጁን እንዳቀፉ ምሰሶው ስር ቆሜ ነበር። ላወርዳቸው ፈራሁ። ረጅሙ ነው ጎትቶ ያስወጣኝ።

ገመዱ ምናልባት ይይዝ ነበር። ተጠምጥሟል እኮ። ምናልባት ይይዝ ነበር።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

እንግዳው ለእህቴ ቃል ገብቶላታል፤ በሚመጣው ዓመት ይጠራታል። ስለ ጋሽ ጭምትም ጠይቆ ነበር አሉ። ሥራ አስኪያጁ ነው የነገረን፣ ሻዩን እየጠጣ።

"ሽማግሌው እስከ አልጋው ድረስ ድንቅ ነበር አለኝ። ከዚያ ግን ያቺን የገመድ ቀልድ አመጣና አበላሸው። በጣም ርካሽ ቀልድ ናት፣ አዝኛለሁ ነው ያለው።" ከዚያ ወደ ጋሽ ጭምት ዞሮ፣ "ለነገሩ ሞተሩ ስለመጣ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው" አለው።

ጋሽ ጭምት እሺ አለ። ይኸው ነው፣ እሺ። አላየኝም እንኳ። ቢያየኝ ኖሮ እዚያው እናገር ነበር። ይመስለኛል።

እህቴ ደስታዋን አልቻለችውም፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ቅዳሜ መረቡ እንዴት ግሩም ነበር ወንድም ጋሼ! የልጅነታችንን እጅህን አገኘሁት።"

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

አይይዝም ነበር። ዛሬ ማንም ሳይኖር ሄጄ ገመዱን ሳልቋጥረው ጠመጠምኩትና መረቡ ላይ አንድ የአሸዋ ከረጢት ጣልኩ። ገመዱ ከምሰሶው እየተፈታ አለቀ፣ ከረጢቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

ዱቄት የመሰለውን አሸዋ ጠረግሁት። እወዳታለሁ እህቴን። ከእሷ በላይ ማን አለኝ? ደግሞ እሷ መሰላል ላይ ሳለች ዓይኔ የት ነበር?

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ለጋሽ ጭምት ጊዜ ልሰጥ ስል፣ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ገመዱን በደንብ ሳልወጥር መቆየቴን። የስፌት መኪናውን አቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አለችኝ። "የምትወድቀው እኔ ነኝ?"

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ለእህቴ ነገርኳት። እጆቿን ነጭ ዱቄት እየቀባች ነበር።

"ያን ቀን ወለሉን ልነካ የነበረውም?" አለች።

"አዎ።"

"ወፍረሻል አልከኝ እኮ።"

"አዎ።"

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጆቿን በፎጣ ጠረገች፣ ጣት በጣት፣ ልምምዱን ትታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወንድም ጋሼ አላለችኝም።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

እንዲህ ሆነ። እህቴ ለሥራ አስኪያጁ፣ "ሞተርም ይስቀለው ሰይጣንም፣ ጋሽ ጭምት ገመዱን በእጁ ሳይነካልኝ አልወጣም" አለችው። እሷ ካልወጣች ደግሞ ሰርከስ የለም። ስለዚህ ጋሽ ጭምት አይባረርም። የገመዶቹ ተቆጣጣሪ ሆኗል። ሰማያዊ ቱታ ተሰጥቶታል። የመሙያው ትርኢት ግን ቀርቷል፤ የሚሞላ ጊዜ የለማ። እኔ ወደ ገመድ እንዳልደርስ ተባልኩ፤ ሕዝብ አስቀምጣለሁ። ፍርዱ ትክክል ነው፣ አልከራከርም።

ከሥራ አስኪያጁ ቁጥር ተቀብዬ ለእንግዳው ደወልኩ። ገመዱ ቀልድ እንዳልነበረ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ያ ሰው ትርኢቱን የተወው እህቴን ለማዳን እንደሆነ ሳልተነፍስ ነገርኩት።

"ቆይ፣ ቆይ" አለኝ፣ "ልጁን የታቀፍከው ሰውዬ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"አንተ እኮ ጎበዝ ነህ! የደነገጠ ሰው ሆነህ ስትሠራ አመንኩህ።"

"እውነት ደንግጬ ነው ጌታዬ።"

ሳቀ። ጥሩ ሰው ይመስላል፣ አሳሳቁ ክፋት የለውም። ለሚመጣው ዓመት ቦታ ሞልቷል፣ ሌላ ጊዜ በዚህ ካለፍኩ ጋሽ ጭምትን አየዋለሁ አለ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ጋሽ ጭምትን ልብስ መቀየሪያው ጋ አገኘሁት፣ ቱታው እጀታው ረዝሞበት እያጠፈው ነበር። በማጠፉ ላግዘው ጎንበስ አልኩ፣ እጁን ዘረጋልኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሰውየው እኮ እያየህ ነበር ጋሼ። ትንሽ ነበር የቀረህ። ለምን ተውከው?"

ጤናዬን የተጠራጠረ መሰለ።

"እህትህ መሰላሉ ላይ ነበረች" አለኝ።

ሁለተኛውን እጀታ ራሱ አጠፈው። ቆይቶ ደግሞ ሊያሳስቀኝ ነው መሰለኝ፣ "ከእንግዲህ ሰው ሽንት ቤት ሲሮጥ አላይም፣ ተገላገልኩ" አለ። አሁንም አልሳቅሁም። ይህ ሰው ሲሠራ እያየሁ ሌሎች እንዲያዩት ስል ማየቱን ራሱ አሳጣኋቸው። ስሙን ላስጠራ ብዬ መድረኩን ቀማሁት። ባለቤቴ ራስህን አትብላ ትለኛለች። ሌላ የሚበላ ነገር ባገኝ እተው ነበር።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የሞተሩ የመጀመሪያ ቀን። ድንኳኑ ጢም ብሏል። እጄ ላይ ባትሪ ይዤ ሰው ሳስቀምጥ ዋልኩ። ትከሻዬ ቀለል ብሎኛል፣ የማያስፈልገኝ ጊዜ ላይ።

ሞተሩ አጉረመረመ፣ መረቡ ከወለሉ ተነሳ፣ አራቱም ጥግ ላይ ተወጠረ። ሕዝቡ ለሞተሩ አጨበጨበ። የሚሸና እንኳ ለመነሳት ጊዜ አላገኘም።

ከዚያ ጋሽ ጭምት በሰማያዊ ቱታው ወጣ። አፍንጫው ላይ ቀይ የለም። መብራቱ ከእሱ ላይ ተነስቶ ወደ ላይ ወደ እህቴ ሄዷል፤ እሱ በጥላው ውስጥ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ምሰሶ ጋ ሄደ፣ መዳፉን ገመዱ ላይ አሳረፈና ጠበቀ፣ የልጅ ግንባር ትኩሳት እንዳለው እንደሚዳሰሰው። ከዚያ በዝግታ ክብደቱን ጣለበት፤ ከተረከዙ ጀምሮ እስከ አንገቱ ድረስ ሰውነቱ በሙሉ ያንን ገመድ ይጠይቀው ነበር። መልሱን ሲያገኝ ፊቱ ላይ አየሁት። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ወደ ሦስተኛው። አራተኛው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ እህቴን አያት፣ እሷም ከላይ አየችው፣ ራሱን ነቀነቀላት። እሷም ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ማንም አላጨበጨበም።

እኔ ባትሪዬን እንደያዝኩ መተላለፊያው መሃል ቆሜ ቀርቻለሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር። ከኋላዬ አንዲት እናት ኮቴን ሳብ አደረገችኝ።

"ወንድሜ፣ እባክህ ከፊቴ ዞር በልልኝ፤ ሊጀመር ነው" አለችኝ።

ዞር አልኩላት።